የአራት ቁጥር ጠረጴዛ አጭር እግር

በዚያች ከተማ ሁለት ሰዎች ተጣልተው ዓይንና ናጫ ሲሆኑ፣ ዘመድ መክሮ፣ ጎረቤት ገስጾ አልሆን ሲል፣ የመጨረሻው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «በቃ፣ ሆቴል ሂዱና ምሳ ብሉ።» የት እንደሚቀመጡ መንገር አያስፈልግም። በመመገቢያ አዳራሹ በስተግራ፣ መስኮቱ ሥር፣ ለሁለት ሰው ብቻ የሚበቃ ጠረጴዛ አለ። በሆቴሉ መዝገብ አራት ቁጥር ነው፤ ለከተማው ሰው ግን «ሽማግሌው» ነው።

ሽማግሌው ያስታረቃቸው ሰዎች ቢሰለፉ፣ ሰልፉ ከሆቴሉ በር ተነሥቶ ፖስታ ቤቱን ይዞራል። በአንድ መቀስ የተነሣ አሥራ አንድ ዓመት የተኳረፉ ሁለት ልብስ ሰፊዎች እዚያ ታርቀዋል። ርእሰ መምህሩና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እዚያ ታርቀዋል። ሊፋቱ የፍርድ ቤት ቀጠሮ የነበራቸው ባልና ሚስት «ከመግባታችን በፊት ትንሽ እንቅመስ» ብለው ገብተው፣ ቀጠሮው አልፏቸው፣ ዛሬ አራት ልጆች አሏቸው። እንዴት እንደታረቁ ሲጠየቁ ግን ሁሉም መልሳቸው አንድ ነው፤ «እንጃ፤ ብቻ ሾርባው ጥሩ ነበር።»

ሾርባውማ ጥሩ ነው። ምስጢሩ ግን ሾርባው ውስጥ አልነበረም። ምስጢሩን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሆቴሉ ዋና አስተናጋጅና ሾርባውን የምትሠራው ሚስቱ።

አስተናጋጁን ከተማው የሚያውቀው ጋሽ ቀስበሉ በሚል ቅጽል ስም ነው። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ነጭ ኮት ለብሶ ትሪ ተሸክሟል፤ «ቀስ በሉ» የማይለው ፍጥረት የለም። ደረጃ ለሚወጣ እንግዳ «ቀስ በሉ» ይላል፤ በር ለሚዘጋ፣ ለሚስቅ፣ ለሚያስነጥስ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስታምጥ ሳይቀር በር ላይ ቆሞ «ቀስ በይ» ብሏት፣ እሷም በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል የሰጠችው መልስ አዋላጇን አሳፍሯት ነበር ይባላል።

ሆቴሉ ዘጠና ዓመት ሞልቶታል። የሠሩት የአሁኖቹ ባለቤቶች አያት ናቸው፤ ሁለት ትልልቅ ከተሞችን ከሚያገናኘው መንገድ እኩሌታው ላይ። ያኔ መንገደኛ ሳያድርበት አያልፍም ነበር። በኋላ አዲሱ አስፋልት በተራራው ማዶ ተሠራና መንገደኛው በዚያው ቀረ። ሌላ ሆቴል ቢሆን ይዘጋ ነበር፤ ይኼኛውን ግን ከተማው ሳሎን አደረገው። እንግዳ መጥቶበት ቤቱ የጠበበው ሰው ወደ ሆቴሉ ይዞት ይመጣል። ሙሽሮች ሁሉ ፎቶ የሚነሡት ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ አንደኛውና ሁለተኛው ሲጢጥ ስለሚሉ ሙሽራዋን ያስደነግጣሉ። የፈተና ውጤት የሚለጠፈው በሆቴሉ በር ነው፤ ያለፈው እዚያው ይጋበዛል፣ የወደቀውም እዚያው ይጽናናል። ዣንጥላው የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ቤቱ ሳይሆን ሆቴሉ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ወደ ምስጢሩ። ከሽማግሌው አራት እግሮች አንዷ ከሌሎቹ በትንሿ ጣት ውፍረት ታጥራለች። ወለል ድረስ የሚወርደው የጠረጴዛ ልብስ ይሸፍናታል። ፊት ለፊት ከተቀመጡት አንዱ ክንዱን ቢያሳርፍ ጠረጴዛው ወደ እሱ ያዘነብላል፤ ሲያነሣ ደግሞ ወደ ማዶ ይሄዳል። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሁለቱም እኩል ሲጫኑት ብቻ ነው። ጋሽ ቀስበሉ ሁለት ባላንጣዎች ሲመጡለት ሳህኖቹን እስከ አፍ ገደፋቸው በሾርባ ይሞላል፣ ያስቀምጣል፣ «የጠረጴዛ ልብሱ አዲስ ነው፤ ቀስ በሉ» ይላል፣ ከአዳራሹ ዓምድ ጀርባ ሄዶ ይቆማል።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሰዎቹ አይተያዩም። አንዱ ጣሪያ ያያል፤ አንዱ መስኮት። ከዚያ አንደኛው ማንኪያ ሊያነሣ ክንዱን ያነሣል፣ ሾርባውም ወደ ባላጋራው ይገሰግሳል። ኩርፊያ ትዕግሥተኛ ነው፤ ዓመት ይጠብቃል። ሾርባ ግን ፋታ አይሰጥም። አንዱ ሳያስበው «ያዝልኝ!» ብሎ ይጮሃል፤ ሌላውም ሳያስበው ይይዝለታል። ጋሽ ቀስበሉ ከዓምዱ ጀርባ የሚጠብቃት ቃል ያቺን ነው። «ሰው ለጠላቱ አንዴ ያዝልኝ ካለ፣ የቀረው እዳው ገብስ ነው» ይላታል ሚስቱን። ነገሩን የጠረጠሩ አይጠፉም ነበር። ግን የትኛው የተከበረ ሰው ነው «እኔን ያስታረቀኝ የጠረጴዛ እግር ነው» ብሎ አደባባይ የሚያወራው?

ይህን ሁሉ ሰው ያስታረቀ ሰው ታዲያ ከገዛ ሚስቱ ወንድም ጋር ከተነጋገረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሚስቱ ድስቷ ላይ ጎንበስ ባለች ቁጥር «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ትላለች። ለማን እንደምትል ጋሽ ቀስበሉ ያውቃል፤ እንዳልሰማ ሆኖ ማንኪያ ይቆጥራል።

የሚስቱ ወንድም የከተማው አናጢ ነው። ሟቹ አባታቸውም አናጢ ነበሩ፤ የሆቴሉን ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የመስኮት ክፈፍ ሁሉ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ልጅየው በአባቱ እጅ ይኮራል። ሰው ቤት ገብቶ አባቱ የሠሩትን ቁም ሳጥን ካየ ሰላምታ ሳይሰጥ ሄዶ ይዳብሰዋል። አንዲት ነገር ብቻ ታሳፍረዋለች፤ የሽማግሌው አጭር እግር። «አባባ ዕድሜ ልካቸውን አንዲት እግር ብቻ ቢሳሳቱ፣ እሷም ከተማው ሁሉ የሚመገብበት ቤት ውስጥ ትሁን?» እያለ ይብሰለሰላል። ሁለት ሦስቴ መጋዙን ይዞ «ላስተካክላት» ብሎ መጥቶ፣ ጋሽ ቀስበሉ «ዛሬ ሰው በዝቷል፤ ቀስ ብለን» እያለ መልሶታል።

ከዚያ የጋሽ ቀስበሉ ልጅ ተዳረች። ሠርጉ በሆቴሉ አዳራሽ ነበር፤ አባት ንግግር ያድርግ ተባለ። ጋሽ ቀስበሉ ትሪ ካልያዘ እጁን የት እንደሚያደርገው የማያውቅ ሰው ነው። ተነሣ፣ ላበው፣ የሚስቱን አባት ሊያወድስ ብሎ እንዲህ አለ፤ «ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሠሯቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው ያንን የተንጋደደውን ጠረጴዛ ነው።» ሁለት መቶ ሰው ሳቀ። አናጢው አልሳቀም። አባቱ ከሠሩት ወንበር ላይ ተነሣ፣ ወንበሩን በሥርዓት ወደ ቦታው መለሰ፣ ወጣ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጋሽ ቀስበሉ ተከትሎት ሄዶ ሊያስረዳው ይችል ነበር። ግን ለማስረዳት ምስጢሩን ማውጣት አለበት፤ ምስጢሩ ከወጣ ደግሞ ሽማግሌው አለቀለት። ይህ ደህናው ምክንያት ነው። ሌላኛው ምክንያት ተራ ግትርነት ነው፤ «አወደስኩለት እንጂ ሰደብኩበት? እሱ ይምጣ!» አለ። አናጢውም በበኩሉ እሱ ይምጣ አለ። ሁለቱም ሳይመጡ ዘጠኝ ዓመት ሞላ። በዚህ መሐል የሚነጋገሩት በሚስትየው በኩል ነው፤ ያውም አንድ ኩሽና ውስጥ፣ አንድ ክንድ ተራርቀው ቆመው።

«ለዚያ ሰውዬ መሰላሉን ይመልስ በይው» ይላል አንዱ።

«ለዚያ ሰውዬ መሰላሉ የኔ ነው በይው» ይላል ሌላው።

እሷም መሐል ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዓይኗ ሲያለቅስ ከሽንኩርቱ ይሁን ከእነሱ አይለይም።

ሆቴሉ ደግሞ የሌላ ወንድምና እህት ንብረት ነው። እህትየው ሥራ አስኪያጅ ሆና እዚያው ትኖራለች፤ ወንድምየው ራቅ ባለ ከተማ ይኖራል። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ የሚነጋገሩት በጠበቃ ነው። በአራተኛው ዓመት ወንድምየው ለሆቴሉ ገዢ አገኘ፤ የሲሚንቶ ነጋዴ። ነጋዴው መጥቶ አዳራሹን በእርምጃ ለካና፣ ጋሽ ቀስበሉ ባቀረበለት ወንበር እንኳ ሳይቀመጥ፣ ስንት ሺህ ከረጢት እንደሚይዝ ጮክ ብሎ ተናገረ። እህትየው ደሟ ፈላ። ወደ ቅርስ ጥበቃ ቢሮ ሮጠች። ቢሮው «ቤቱ ታሪካዊ ነው፤ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ መጋዘን አይሆንም። ግን የሁለቱም ባለቤቶች ፊርማ እስከ ዓርብ ይቅረብ» አለ።

ጋሽ ቀስበሉ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። የሲሚንቶ መጋዘን አስተናጋጅ አይፈልግም፤ ለከረጢት «ቀስ በሉ» አይባልም። እሱን ግን እንቅልፍ የነሣው ሌላ ነገር ነበር። ይህ ቤት ሲዘጋ፣ በዚህች ከተማ የተጣላ ሰው የት ይሄዳል? ሽማግሌው ተፈልጦ የየትኛው ምድጃ ማገዶ ይሆናል?

«ጋሼ፣» አለችው ሥራ አስኪያጇ እሑድ ዕለት፣ «ወንድሜን ሐሙስ ለምሳ ጠርቼዋለሁ። እመጣለሁ ብሏል። ሽማግሌው ላይ አስቀምጠን።»

ጋሽ ቀስበሉ በልጅነቷ አዝሏት ያውቃል። እንግዳ ካለ «እርስዎ» ይላታል፤ ከሌለ አንቺ ናት።

«እሱን ለኔ ተዪው» አላት። «አንቺ ብቻ ክንድሽን ጠረጴዛው ላይ ማሳረፍ አትርሺ።»

«ለምን?»

«ክንዱን የሚያሳርፍ ሰው ደስ ይላል» አላትና ፈጠን ብሎ ሄደ።

ሰኞ የዕረፍት ቀኑ ነው። ማክሰኞ ሲመለስ ሁለት ጎረቤታም ሴቶች በአንድ አውራ ዶሮ ተጣልተው መጡለት። አንደኛዋ ዶሮው ጓሮዬን ጫረ ትላለች፤ ሁለተኛዋ ዶሮው ጨዋ ነው ትላለች። ቀላል ነገር ነው፤ ሽማግሌው እንዲህ ያለውን በአንድ ሳህን ይጨርሰዋል። ሾርባውን እስከ አፍ ገደፉ ሞላ፣ «ቀስ በሉ» አለ፣ ከዓምዱ ጀርባ ቆሞ ጠበቀ።

ምንም የለም። ሾርባው እንደ ኩሬ ውሃ ረግቶ ቆመ። ሴቶቹ ክንዳቸውን አሳርፈው፣ አንስተው፣ ተደላድለው በሉ። አንደኛዋ ድጋሚ አዘዘች። ከዚያ አፋቸውን ጠረጉና ጠባቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ እንደውም ጠግበው ስለነበር ድምፃቸው ጨምሯል። በዚያ ጠረጴዛ ታሪክ ሰዎች ተመችቷቸው ሲጣሉ ያ የመጀመሪያው ነው። «ሾርባው ጥሩ ነበር» ብለው አንዷ በፊት ለፊት በር፣ አንዷ በጓሮ በር ወጡ።

ጋሽ ቀስበሉ ተንበረከከና የጠረጴዛውን ልብስ ገለጠ። አጭሯ እግር ጫማ ተጫምታለች። ቅጥያ እንጨት በሙጫ ተጣብቆ፣ በሁለት ቀጫጭን ምስማር ተመትቶ፣ ቀለሙ ሳይቀር ተመሳስሏል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ የሚሠራ በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አየኸው ጋሼ?» አለች ሥራ አስኪያጇ ከኋላው ደርሳ። ፊቷ በርቷል። «የቅርስ ቢሮ ሰዎች መጥተው ተንጋድዶ ቢያዩት ያሳፍረናል ብዬ ትናንት አናጢውን ጠራሁት። ምን ያህል ደስ ብሎት እንደመጣ ብታይ!»

«ደስማ ይለዋል!» አለ ጋሽ ቀስበሉ። ሌላ ምን ይበላት? ሐሙስ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ምስጢሩን አውቃ ከተቀመጠች ደግሞ የሾርባው ፍርሃት ፍርሃት አይሆንም።

ያን ቀን ያልሞከረው የለም። ናፕኪን አጣጥፎ በሌላኛዋ እግር ሥር አደረገ፤ ጠረጴዛው ተንገዳገደ፣ ግን እንደ ሰካራም በየአቅጣጫው ነበር፤ ሾርባው ሦስት ጊዜ የገዛ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ቅጥያውን በኩሽና ቢላ ሊፈነቅል ሞከረ፤ ቢላው ታጠፈ።

«ቢላዬን!» አለች ሚስቱ። «የሠራው ያፍርሰው። ሂድና ለምነው።»

«አንቺ ንገሪልኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነገርኩላችሁ። ፖስታ ቤት እንኳ እሑድ እሑድ ይዘጋል! ለመጨረሻ ጊዜ እጠራልሃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አፌን ለምግብ መቅመሻ ብቻ ነው የምጠቀምበት።»

ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ አዳራሹ ባዶ ሲሆን፣ አናጢው የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ መጣ። እህቱ የነገረችው «የአባባ ጠረጴዛ ችግር ገጥሞታል» ብላ ብቻ ነው። ጋሽ ቀስበሉ ባዶ ትሪ ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። ባዶ ትሪ የሚይዘው ሲፈራ ነው።

«ለዚያ ሰውዬ፣ ቅጥያውን ያውልቀው በይው» አለ።

«ለዚያ ሰውዬ፣ አብዷል ወይ በይው» አለ አናጢው።

ሚስትየው እስከ አፍ ገደፋቸው የሞሉ ሁለት የሾርባ ሳህኖች አመጣች፣ አጠገባቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ አኖረች፣ ወደ ኩሽና ገባች፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። የቁልፉ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

አናጢው ሽማግሌውን ገለበጠና ለጠረጴዛው ተናገረ። «አንተ ጠረጴዛ፣ ምን ጎደለህና ነው ያስጠራኸኝ?»

«እግሬ እንደ ድሮዋ ትጠርልኝ ነው የሚለው» አለ ጋሽ ቀስበሉ ለትሪው።

«ለምን?» አለ አናጢው ለመዶሻው።

«ከሠራኸው በኋላ ታየዋለህ» አለ ጋሽ ቀስበሉ አሁንም ለትሪው።

አናጢው ሊወጣ ይችል ነበር። ግን ጠረጴዛው ተገልብጦ፣ እግሮቹን ሰቅሎ፣ አባቱ የላጓቸውን ጎኖች እያሳየ ተኝቷል፤ አናጢ ደግሞ የተገለበጠ ጠረጴዛ ትቶ አይሄድም። ምስማሮቹን ነቀለ፣ ቅጥያውን ፈነቀለ። ሙጫው ጥሩ ሙጫ ስለነበር ከአሮጌው እንጨት ከዳር በኩል ትንሽ ስንጣሪ ይዞ መጣ። አሁን እግሯ ከድሮዋም አጠረች። ስስ ስስ የእንጨት ልባጭ እየቆረጠ መለካት ግድ ሆነ፤ ልኩ የሚታወቀው ደግሞ ሁለት ሰው ተቀምጦበት ብቻ ነው።

ተቀመጡ። ጋሽ ቀስበሉ በሠላሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌው ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ወንበሩ ከጠበቀው በላይ ይመቻል። ሳህኖቹን አስቀመጡ፣ ክንዳቸውን አሳረፉ። የመጀመሪያው ልባጭ በዛ። ሁለተኛው አነሰና የአናጢው ጉልበት ራሰ። ሦስተኛው ላይ ጠረጴዛው መተንፈስ ጀመረ፤ ወዲህ ትንሽ፣ ወዲያ ትንሽ። ጋሽ ቀስበሉ ልኩን አወቀው። በደስታ «እሱ ነው» ሊል አፉን ሲከፍት፣ አናጢው ጉልበቱን ሊጠርግ ክንዱን አነሣ። ሾርባው መላ ሰውነቱን ይዞ ወደ ነጩ ኮት መጣ።

«ያዝልኝ!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ቀስበሉ።

አናጢው ያዘለት።

ሾርባው ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ተመለሰ። ሁለቱም ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው፣ ሳይንቀሳቀሱ ተያዩ። ያቺ ከዓምድ ጀርባ ቆሞ ከሰው አፍ ሲለቅማት የኖረው ቃል ከገዛ አፉ ወጥታለች። ጋሽ ቀስበሉ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ለዚህ ነው?» አለ አናጢው፤ ዓይኑ ሾርባው ላይ ነው።

«ለዚህ ነው።»

«ልብስ ሰፊዎቹ?»

«እዚህ።»

«ርእሰ መምህሩስ?»

«ዘበኛው ላይ ነው የፈሰሰው።»

አናጢው ትንሽ አሰበ። «እኔና ሚስቴ፣ ያኔ?»

«ሁለት ጊዜ» አለ ጋሽ ቀስበሉ። «የሠርጉ ቀን ልናገር የፈለግሁት ይህንን ነበር። አፌ አልታዘዝልኝ አለ። አባታችሁን እኮ እወዳቸው ነበር።»

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?»

«ስጠብቅህ።»

«እኔም ስጠብቅህ ነበር፣ አንተ ደረቅ!»

አንዱም ክንዱን ማንሣት አልቻለም። ቢችሉ ኖሮ ምናልባት አንዱ ተነሥቶ ይሄድ ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለ አናጢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰኞ ስገለብጠው የእግሯን ጫፍ አየሁት። የተሳሳተ ሰው የቆረጠው አይደለም። በስስ መጋዝ ተቆርጦ፣ በሞረድ ለስልሶ፣ ሰም ተቀብቷል። አባባ ስህተታቸውን ሰም አይቀቡም። አውቀው ነው ያሳጠሯት።»

«ለማን ብለው?»

«እንጃ። ያኔ ማን ከማን ተጣልቶ እንደነበር ማን ያውቃል። ለኔ ግን አልነገሩኝም። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ እሳቸው ስሸማቀቅ!»

«ታዲያ እያወቅህ ለምን ጫማ አደረግህላት?»

«ተናድጄ ነዋ! በሳቸውም፣ ባንተም። ደግሞ ቅጥያውን ቆርጬ ጨርሼ ነበር፤ ሴትዮዋም ቆማ ታየኛለች።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ማታ ቤት ገብቼ ለሰው መናገር ፈለግሁ። ነገሩ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አላነጋግረውም።»

የአናጢው ዓይን እንባ አቀረረ። ጋሽ ቀስበሉም አልቻለም። እንባ ለመጥረግ እጅ ያስፈልጋል፤ እጅ ካነሡ ሾርባው ይፈስሳል። እንባቸው አገጫቸው ላይ ወርዶ ጠብ እስኪል ድረስ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ተቀመጡ።

የኩሽናው በር ከፈት አለ። «ጨረሳችሁ?» አለች የአንዱ እህት፣ የሌላው ሚስት።

«ቀስ በይ!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

ሐሙስ ወንድምየው የሽያጭ ውሉን በቦርሳ ይዞ መጣ። ከእህቱ ጋር በአንገት ንቅናቄ ሰላም ተባባሉና ተቀመጡ። ውሉን ሳህኑ አጠገብ ዘረጋው፤ እሷም የቅርሱን ቅጽ ሳህኗ አጠገብ ዘረጋች። ጋሽ ቀስበሉ ሾርባውን ሞላ፣ ቃሉን ተናገረ፣ ከዓምዱ ጀርባ ሄደ። ዓምዱ ለአንድ ሰው እንጂ ለሁለት አይበቃም ነበር፤ የአናጢው ሆድ በግልጽ ይታያል።

ወንድምየው እስክሪብቶ ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ጠረጴዛው ወደ እህትየው ሄደ።

«ያዘው! ያዝልኝ እንጂ!» አለች።

ደንግጦ በሁለት እጁ ተጫነው። በዛበትና ጠረጴዛው ወደ እሱ ተመለሰ፤ የሲሚንቶው ውል ግማሽ ሳህን ሾርባ ጠጣ። አናጢው የጋሽ ቀስበሉን ክንድ ጨበጠ። ከዚያ እህትየው በአፍንጫዋ የሳቅ ድምፅ አሰማች፤ በልጅነታቸው እንግዳ ፊት መሳቅ ሲከለከሉ የምታሰማውን። ወንድምየው ሊቆጣ ብሎ አቃተው።

«ከዚህ ጠረጴዛ ሥር ተደብቀን የእንግዶቹን የጫማ ማሰሪያ የፈታነው ትዝ ይልሃል?» አለችው።

«አንቺ ነሽ የፈታሽው፤ የተገረፍኩት እኔ!»

ሌላው አልተሰማም። ሁለተኛ ሾርባ አዘዙ፤ በግራ እጃቸው ጠረጴዛውን ይዘው በቀኛቸው በሉ። ወንድምየው በአንድ ምሳ መልአክ አልሆነም። ስለ ጣሪያው ተከራከረ፣ ስለ ክፍሎቹ ተነጫነጨ፣ ሾርባው ጨው አንሶታል አለ። ግን ፈረመ። ሲፈርም ጠረጴዛውን የያዘችለት እህቱ ናት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የቅርስ ቢሮዋ ሠራተኛ ቅጿን ይዛ መጣች። ደረጃውን ቆጠረች፣ መስኮቱን ለካች፣ ወንበሩን መዘገበች። ጋሽ ቀስበሉና አናጢው ከኋላዋ እየተከተሉ ስለ መሰላሉ ይጨቃጨቃሉ፤ አሁን በቀጥታ ነው የሚጨቃጨቁት። አራት ቁጥር ጋ ስትደርስ ደክሟት ቁጭ አለችና ልትጽፍ ክንዷን አሳረፈች። ጠረጴዛው ወደ እሷ አዘነበለ። ልብሱን ገልጣ አየችና «ሁኔታው፦ የተበላሸ። ጥገና ያስፈልገዋል» ብላ ጻፈች።

«ኧረ ይሰርዙት!» አለ አናጢው። «ምንም አልተበላሸም። አባቴ እንደሠሩት ነው።»

«አባትዎ ጥሩ ባለሙያ ነበሩ፤ ሁሉንም አይቻለሁ» አለች በትሕትና። «ይኼኛው ግን ይንገዳገዳል።»

ጋሽ ቀስበሉ ከማዶ ያለውን ወንበር ሳበ። «ብቻዎን ስለተቀመጡ ነው» አላት።

አናጢው ተቀመጠና ክንዱን አሳረፈ። ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሠራተኛዋ ጠረጴዛውን አየች፣ አናጢውን አየች፣ ደግማ ጠረጴዛውን አየች። የጻፈችውን ሰረዘችና «ደህና» ብላ ጻፈች።